ማርች ላይ የዘራሁት ጎመን በሜይ አበበብኝ፤ ችግሩ አፈሬ ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጓሮዬ ትንሽ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። ዘንድሮ ማርች መጨረሻ ላይ አየሩ ሞቅ ሲል ዘመድ ከአገር ቤት ያመጣልኝን የጎመን ዘር ዘራሁ። ከሱቅ የገዛሁትን የቃሪያና የበሶብላ ችግኝም አብሬ ተከልኩ። በሶብላው ሳምንት ሳይሞላው ጠቆረ። ቃሪያው ቢጫ ሆኖ ባለበት ቆመ። ጎመኑ በደንብ ጀምሮ ነበር፤ ሜይ መጨረሻ ላይ ግን አንድ ድስት እንኳ ሳይሞላልኝ አበበ። እናቴ ደብረ ብርሃን ጓሮዋ ውስጥ ጎመን አጥታ አታውቅም። ጎረቤቴ ‹አፈርሽ ሸክላ ስለሆነ ነው፣ ማዳበሪያ ጨምሪበት› አለችኝ። እውነት አፈሬ ነው? የምመኘው ደግሞ ለሁዳዴ ከገዛ ጓሮዬ ጎመን ቆርጬ መብላት ነው። ይቻላል?»

ምላሽ፦ አፈርዎ አይደለም። ማዳበሪያ ቢጨምሩም ጎመኑ ማበቡ፣ በሶብላውም መጥቆሩ አይቀርም ነበር። የገጠምዎት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ጎመኑን ያጣደፈው የቀኑ መርዘም ነው። ቃሪያውንና በሶብላውን የጎዳቸው የሌሊቱ ብርድ ነው። ሁለቱንም የሚፈታው የመትከያውን ቀን ማስተካከል ነው። የሁዳዴ ጎመንም ይቻላል። ዘሩ የሚዘራው ግን ከዚያ በፊት ባለው ሰመር፣ በዋናው ሙቀት ወቅት ነው። ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቅ በየዓመቱ ማርች ላይ ዘር ይባክናል።

መጀመሪያ ጎመኑን እንይ። ዘመድዎ ያመጡልዎት የሐበሻ ጎመን ሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ነው። የኖረውና የለመደው በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አጭሩ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል ብዙም አያንስም፤ ረጅሙም ከ12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ አያልፍም። እናትዎ ጓሮ ያለው ጎመን ዓመቱን ሙሉ የሚያየው ይህንኑ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ዲሴምበር ላይ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ ጁን ላይ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል። እርስዎ ማርች መጨረሻ ላይ ሲዘሩ ቀኑ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። ሜይ መጨረሻ ላይ 14 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ደርሷል። ጎመኑ የቀኑን ርዝመት ይለካል። ቀኑ ሲረዝምበት ቅጠል ማብዛቱን ይተውና አገዳ አውጥቶ ወደ አበባ ይሄዳል። ላዩ ላይ የሜይ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ውኃ ማጠጣትም ሆነ ማዳበሪያ ይህን አይመልሰውም። አበባውን ቢቀነጥቡት ሌላ ያወጣል፤ የሚያገኙት ቅጠልም ትንሽና መራራ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። የአሜሪካ ሱቅ ውስጥ የምንገዛው ጎመን፣ ኮላርድ የሚሉት፣ ሌላ ተክል ነው። እሱን እንዲያብብ የሚያደርገው ብርድ ነው። ግንዱ እርሳስ የሚያክል ውፍረት ከያዘ በኋላ ለሳምንታት ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በታች ከቆየ፣ ክረምት ያለፈ ይመስለውና አየሩ ሲሞቅ ያብባል። ስለዚህ በስፕሪንግ የኮላርድ ችግኝ ሲገዙ ትልቁንና ወፍራሙን አይምረጡ። አራት አምስት ቅጠል ያለው ትንሹ ይሻላል። ትልቁን የሚመርጥ ሰው ቶሎ የሚደርስለት ይመስለዋል፤ የሚደርሰው ግን አበባው ነው።

ያበበውን ጎመን አይጣሉት። እንቡጡ ገና ሳይከፈት ከላይ አንድ ስንዝር ያህል ይቁረጡት። አገዳውን በጣት ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ይበላል። ተጣጥፎ ልጡ ከተንጠለጠለ እንጨት ሆኗል፣ ይተዉት። ሽንኩርት በዘይት አቁላሉና ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። አገዳውን ከእነ እንቡጡ በአጭር በአጭሩ ከትፋችሁ አስገቡ፣ ጠብ የሚል ውኃ አክላችሁ ክደኑት። ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ስታወጡት ቃሪያ ጣል አድርጉበት። ጣዕሙ ከቅጠሉ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል፣ ከእንጀራ ጋር ደስ ይላል። ሁለት ወይም ሦስት እግር ደግሞ ሳይነኩ ይተዉና ዘር ይያዙ። ፍሬ የያዘው ዘለላ ገለባ መምሰል ሲጀምር ሳይፈነዳ ቆርጠው በወረቀት ከረጢት ያድርቁት። ከፊሉ ለመዝሪያ ይሆናል፤ የተረፈው ተወቅጦ እንደ አገር ቤቱ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ጎረቤት ሰናፍጭ አብቦ ከነበረ ግን ዘሩ ሊዳቀል ስለሚችል በሚቀጥለው ዓመት የሚበቅለው ሁሉ እናቱን ላይመስል ይችላል።

ዘር ነገር ከተነሳ አንድ ማሳሰቢያ። ከውጭ ወደ አሜሪካ የሚገባ የመዝሪያ ዘር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ወይም ቀድሞ የወጣ ፈቃድ ይፈልጋል። ሻንጣ ውስጥ ቋጥሮ ሳያሳውቁ ማለፍ ዘሩን ከማስነጠቅ አልፎ ያስቀጣል። ሕጉ ያለበት ምክንያትም አለው። አንድ እፍኝ ዘር እዚህ የሌለ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ደግሞም አያስፈልግም። ይኸው ጎመን «ኢትዮፒያን ኬል» እየተባለ በዘር ነጋዴዎች ካታሎግ ይሸጣል። ቴክሳስ ውስጥ የተመረጠ «ቴክስሰል» የሚባል ዓይነትም አለ።

አሁን ወደ ቃሪያውና በሶብላው እንሂድ። ማርች ላይ ቀኑ 70 ዲግሪ ሲሆን ሁላችንም ልባችን ይነሳል። ተክሉን የሚወስነው ግን የሌሊቱና የአፈሩ ሙቀት ነው። በሶብላ ውርጭ ሳይነካው፣ በ40ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ብቻ ቅጠሉ ይጠቁራል። ቃሪያ ደግሞ ሌሊቱ ከ55 ዲግሪ በታች ከሆነ አያድግም። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ምግብ መሳብ ያቅተዋል፣ ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ጎረቤትዎ ያዩት ይህን ቢጫነት ነው። ምግቡ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ሥሩ ነው ያልሠራው። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ የሚጨምር ሰው ደካማውን ሥር በማዳበሪያው ጨው ያቃጥለዋል። ብርድ የመታው ቲማቲም ብዙ ጊዜ ያገግማል። ቃሪያ ግን አንዴ ከቀጨጨ ሰመሩን ሙሉ ሲንገታገት ይከርማል፣ በሜይ ከተተከለ ጓደኛው ኋላ ይቀራል። በነገራችን ላይ የደብረ ብርሃን ብርድም ለቃሪያ አይመችም። እናትዎም ቃሪያውን ከገበያ የሚገዙ ይመስለኛል።

በአካባቢያችሁ የመጨረሻው ውርጭ በአማካይ የሚጥለው ኤፕሪል ውስጥ ነው። ከዋሽንግተን መሃል ወጣ ሲሉ፣ ረባዳ ቦታ ላይ ደግሞ፣ እስከ ሜይ መጀመሪያ ሊዘልቅ ይችላል። አማካይ ማለት ከሁለት ዓመት በአንዱ ከዚያም በኋላ ይጥላል ማለት ነው። እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ቲማቲም ሜይ ሲገባ። ቃሪያ፣ በሶብላና ዱባ የአሜሪካኖቹ የእናቶች ቀን ካለፈ በኋላ፣ ማለትም ከሜይ ሁለተኛ እሑድ ወዲህ። የአፈር ቴርሞሜትር ይግዙና ጠዋት ላይ አፈሩ ውስጥ ይሰኩት። ለቃሪያ 65 ዲግሪ ካላሳየ ይጠብቁ። ሱቆቹ ችግኙን ቀድመው የሚያወጡት ገዢ ስላለ ነው፤ የተበላሸበት ሰው ተመልሶ መግዛቱም ለእነሱ ኪሳራ አይደለም። የሱቅ ወይም የቤት ውስጥ ችግኝ ሲሆን ደግሞ በቀጥታ ፀሐይ ላይ አይትከሉት። ለአንድ ሳምንት ያህል መጀመሪያ ጥላ ቦታ፣ ቀጥሎ ለጥቂት ሰዓት ፀሐይ፣ እያሉ ያለማምዱት። ይህ የተዘለለበት ችግኝ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል።

ታዲያ ማርች ላይ እጅዎን አጣጥፈው ይቀመጡ ማለቴ አይደለም። ማርች ብርድ የሚወዱት ተክሎች ወር ነው። አተር፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ድንብላልና የሽንኩርት ችግኝ ከማርች አጋማሽ ጀምሮ ይገባሉ። ድንች ማርች መጨረሻ ላይ ይቀበራል። ከነዚህ መካከል ግን ለሐበሻ ጓሮ የምወደው ባቄላ ነው። እዚህ አገር ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚተክለው እሸቱን ገበያ ላይ ማግኘት ከባድ ነው። ባቄላ ቀላል ውርጭ አይበግረውም፣ የሚጠላው ሙቀትን ነው። ሙቀቱ 80 ዲግሪን ሲያልፍ አበባው ሳይቋጥር ይረግፋል። ስለዚህ አፈሩ እንደተፈታ፣ ማርች መጀመሪያ ላይ፣ ሌሊቱን ዘፍዝፈው በማግስቱ ሁለት ኢንች ያህል ጥልቀት ላይ ይዝሩት። በአንዱና በሌላው መካከል ስድስት ኢንች ይተዉ። ከሐበሻ ሱቅ የሚገዙት ያልተከካ ደረቅ ባቄላም ሊበቅል ይችላል። ግን አሮጌ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ አሥር ፍሬ እርጥብ ወረቀት ውስጥ ጠቅልለው ይሞክሩት። ሰባት ስምንቱ ካጎነቆለ ይዝሩት።

ሜይ ላይ የባቄላው ጫፍ በጥቁር ክሽክሽ ይወረራል። አይደንግጡ፣ መርጨትም አያስፈልግም። የታችኛው ፍሬ መቋጠር ሲጀምር ጫፉን ከእነ ክሽክሹ ቀንጥበው ይጣሉት። ክሽክሹ ለስላሳውን ጫፍ ነው የሚፈልገው፣ ተክሉም ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ወደ ፍሬው ያዞራል። ጁን ላይ እሸት ይደርሳል። ቅርፊቱን ሲጨብጡት ፍሬው ለእጅዎ ሞላ ብሎ የሚሰማ፣ ቅርፊቱ ግን ገና አረንጓዴ የሆነውን ይልቀሙ። ጥሬውን መብላት የሚወድ አለ። እኔ ከእነ ቅርፊቱ በትኩስ ምጣድ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ፣ ቅርፊቱ ጠቆር ሲል አውጥቼ፣ በጨውና በሚጥሚጣ እወደዋለሁ። አተር እሸቱም በዚያው ሳምንት ይደርሳል። ሁለቱ ሲነሱ መደቡ ባዶ ይሆናል፤ ይህ ባዶ ቦታ ለሁዳዴ ጎመንዎ ያስፈልጋል።

የጥያቄዎ ዋና ነገር ይህ ስለሆነ በደንብ ላስረዳ። በ2026 ሁዳዴ የገባው ፌብሩዋሪ 16 ነበር፤ ፋሲካ ኤፕሪል 12 ዋለ። በ2027 ደግሞ ጾሙ ማርች 8 ይገባል፣ ፋሲካ ሜይ 2 ይሆናል። ማርች መጨረሻ ላይ የተዘራ ጎመን ለቀለብ የሚሆን ቅጠል የሚሰጠው ሜይ ውስጥ ነው። ማለትም ቶሎ በሚገባ ሁዳዴ ምንም አይደርስልዎትም። ዘግይቶ በሚገባው ደግሞ መጨረሻው ሳምንት ላይ ለጋ ቅጠል ያገኙ ይሆናል። ስለዚህ ለጾሙ የሚቆረጠው ጎመን ክረምቱን መሬት ላይ ያሳለፈ መሆን አለበት።

ለዚህ የሐበሻው ጎመን አይሆንም። ቀላል ውርጭ ይችላል፤ የጃንዋሪን ብርድ ግን አይችልም። ክረምቱን የሚሻገረው ኮላርድ ነው። «ቫትስ» እና «ሻምፒዮን» የሚባሉትን ዓይነቶች ይፈልጉ፤ ሁለቱም በቨርጂኒያ የተመረጡ ስለሆኑ የእናንተን ክረምት ያውቁታል። ዘሩን ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚሆን ቦታ፣ በትንንሽ ማሰሮ ይዝሩ። ኦገስት አጋማሽ ላይ ወደ መደብ ያዛውሩ። በአንዱና በሌላው መካከል ከ18 ኢንች ያላነሰ ይተዉ። ኦክቶበር ላይ ትልልቅ ቅጠል ይኖራቸዋል። ውርጭ ሲነካው ተክሉ ራሱን ከመቀዝቀዝ ለመከላከል ስኳር ያጠራቅማል፣ ስለዚህ ከኖቬምበር በኋላ ያለው ቅጠል ከሰመሩ ይጣፍጣል። ዲሴምበር ሲገባ የጎበጠ ሽቦ ወይም ቱቦ ሰክተው ሮው ከቨር የሚባለውን ስስ ነጭ ጨርቅ ያልብሱት። ጠርዙን በድንጋይ ይያዙት፣ ነፋስ እንዳይገልጠው። ላስቲክ አይጠቀሙ። ፀሐይ በወጣች ቀን ውስጡ ይፈላል፣ ሌሊት ደግሞ ላስቲኩን የነካው ቅጠል ይቃጠላል።

አንድ ገደብ አለ። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ቀኑ ከ10 ሰዓት በታች ስለሆነ ተክሉ አያድግም ማለት ይቻላል። ያለው ቅጠል እንደ ጎተራ እህል ነው፣ የወሰዱት አይተካም። ስለዚህ ገና ላይ ሁሉንም አይቁረጡት። ከእያንዳንዱ እግር የታችኞቹን ብቻ ወስደው ስድስት ሰባቱን የመሃል ቅጠል ይተዉ። ፌብሩዋሪ ላይ ማደግ ይጀምራል፣ ማርች ላይ በደንብ ይሰጣል። ኤፕሪል ላይ ያብባል፣ ብርዱን ስላየ አይቀርለትም። ያኔም አገዳውን ከላይ እንዳልኩት ይበሉት። በጣም ከባድ ብርድ የሚመጣበት ዓመት አለ፤ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ፋራናይት ከወረደ ጨርቁም ላያድነው ይችላል። ለአንድ ቤተሰብ በጾም ሳምንት አንድ ሁለቴ ለመቁረጥ አሥራ ሁለት እግር ያህል ያስፈልጋል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ከሱቅ መደጎምዎ አይቀርም።

የሐበሻውን ጎመን ከወደዱት፣ እሱንም ኦገስት አጋማሽ ላይ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዝሩት። ያኔ ቀኑ እያጠረ ስለሚሄድ አያብብም። ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ ከባድ ብርድ እስኪመታው ይቆርጡታል። መስቀል ላይ የራስዎን ጎመን በአይብ ማቅረብ ይችላሉ ማለት ነው። በስፕሪንግ መዝራት ካለብዎት ደግሞ ማርች መጀመሪያ ላይ ጥቅጥቅ አድርገው ዘርተው፣ በለጋነቱ እየነቀሉ ይብሉት። ትልቅ ቅጠል አይጠብቁበት።

የኦገስት ተከላ ጠላት አለው። ነጭ ቢራቢሮ ቅጠሉ ላይ እንቁላል ትጥላለች፣ አረንጓዴው አባጨጓሬ በሁለት ሳምንት ወንፊት ያደርገዋል። ጥቁርና ብርቱካናማ ዝንጉርጉር የሆነው ሃርለኪን የሚሉት ተባይም ጭማቂውን ይመጥጣል። ከሁሉ የሚሻለው ችግኙ በተተከለበት ቀን በመረብ መሸፈን ነው። ቢቲ የተባለው ባክቴሪያ አባጨጓሬውን ይገድላል፤ ሃርለኪኑን ግን አይነካውም። እሱን ጠዋት ሳይነቃ በእጅ ለቅመው ሳሙና ውኃ ውስጥ ይክተቱት። ወጥ ቤት ሲገቡም ቅጠሉን ጨው ባለው ውኃ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይዘፍዝፉት፣ የተደበቀው ትል ይወጣል። አጋዘንና ጥንቸል ካለ ከዚህ ሁሉ በፊት አጥር ይቅደም።

ሸክላ አፈር ኃጢአት የለበትም፤ ምግብ ይይዛል፣ ውኃም ይይዛል። የሚበላሸው እርጥብ ሳለ ሲቆፈር ነው። እፍኝ አፈር ጨብጠው ሲለቁት እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ይጠብቁ፤ ሲነኩት ከተፈረፈረ ይቆፍሩ። በየዓመቱ ሁለት ጣት ያህል ኮምፖስት ከላይ ያልብሱት። ኖራ ወይም አመድ ግን ያለ ምርመራ አይጨምሩ። የአፈር ምርመራ ውድ አይደለም፣ የት እንደሚላክም ኤክስቴንሽን የሚባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና የጓሮ አትክልት ምክር ክፍል በነጻ ይነግርዎታል። ቤትዎ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ሊድ የተባለውን መርዛማ ብረት አብረው ያስመርምሩ። የድሮ ቀለም ተላልጦ ግድግዳው ሥር ያለው አፈር ውስጥ ይቀራል፤ አቧራው በጎመን ቅጠል ላይ ተጣብቆ ወደ ልጆች ሆድ ይገባል። ውጤቱ እስኪመጣ ከግድግዳው ርቀው፣ በሳንቃ በታጠረ መደብ ላይ ከውጭ ባመጡት አፈር ይትከሉ። ትኩስ ፍግ ደግሞ ጎመን ከመቆረጡ ቢያንስ 120 ቀን በፊት መሬት ውስጥ ካልገባ አይጠቀሙ።

ስለ አበሳሰሉም አንድ ሁለት ነገር። ብዙ ሰው ጎመንን ሁሉ አንድ ዓይነት ይቀቅላል። የስፕሪንግ ለጋ ቅጠል መቀቀል አይገባውም። ደቆ ተከትፎ የተቁላላው ሽንኩርት ላይ በጥሬው ይገባል፣ በራሱ ውኃ ይበስላል። የፌብሩዋሪ ኮላርድ ግን ወፍራም ነው። የመሃል አጥንቱን ያውጡ፣ ቅጠሉን ጠቅልለው በቀጭኑ ይክተፉ፣ ቀቅለው ይጭመቁት። ከዚያ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ውርጭ ያጣፈጠው ስለሆነ ቅመም አያብዙበት። ቤት ውስጥ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ካለ ግን ይጠንቀቁ። ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት ስላለው፣ ጾም ሲገባ በድንገት ማብዛት የመድኃኒቱን ሥራ ያዳክማል። ፋሲካ ላይ በድንገት ማቆሙም ችግር ነው። መጠኑን ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

በሶብላና ኮሰረት በማሰሮ ይሁኑልዎት፤ ኮሰረቱን ከኦክቶበር በፊት ወደ ቤት ያስገቡት። ጤና አዳም ውኃ የማይቋጥር ቦታ ካገኘ ውጪ ሊከርም ይችላል። በፀሐይ ሰዓት ሲቆርጡት ጓንት ያድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካገኘው ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ ያመጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳምን ብትተወው ይሻላል።

አሁን ያለንበት ጁን ስለሆነ እንዲህ ያድርጉ። ከጎመኑ ለዘር ሁለት ሦስት እግር ትተው ሌላውን ይንቀሉ፤ በቦታው ቦሎቄ ይዝሩበት። ቢጫ የሆነውን ቃሪያ አውጥተው አዲስ ችግኝ ይግዙ፣ አሁን አፈሩ ሞቋል፣ ኦገስት ላይ ስንግ ያደርጉታል። የኮላርድ ዘሩን ዛሬ ይዘዙ። ጁላይ 15 ላይ ሃያ ማሰሮ ይዝሩና ከሚበቅለው ጠንካራዎቹን አሥራ ሁለት ይምረጡ። መደባቸው የዘንድሮው ጎመን ከነበረበት ሌላ ይሁን፣ የጎመን ዘመዶች በአንድ ቦታ ሲደጋገሙ የሥር በሽታ ይከማቻልና። መረቡን ችግኙን ከማዛወርዎ በፊት ገዝተው ያስቀምጡ።